ጣውላው ከሥሩ ሲበሰብስ፦ በጎንደር የአንድ የጣሊያን ጊዜ ቤት የእርጥበት ጉዳይ

ቤቱ ጎንደር ፒያሳ አቅራቢያ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ይዞ በቆየበት ጊዜ፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባለው ውስጥ፣ ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጣውላ። ጣውላው መሬት ላይ የተነጠፈ አይደለም። ከመሬት ከፍ ብሎ በአግዳሚ እንጨቶች ላይ ነው የተመታው። ከሥሩ ሰው በደረቱ ተስቦ ሊገባበት የሚችል፣ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ባዶ ቦታ አለ። በግንቡ ዙሪያ ደግሞ ዝቅ ብለው የተሠሩ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉ። ብዙ ሰው የአይጥ መግቢያ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ለወለሉ ሥር የተተዉ የአየር መተላለፊያዎች ናቸው።

ባለቤቷ አክስቴ ናት። እቴቴ ነው የምንላት። እኔ ደግሞ ሥራዬ የቤት ጥገና ነው። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ወለል ያለው ሰው ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ነቅለህ ሊሾ አድርገው» የሚል ስለሆነ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ውሃው ከየት ተነስቶ በየት በኩል ወደ ቤቱ ሥር እንደሚገባ ሳታውቁ ጣውላም ብትቀይሩ፣ ሊሾም ብታፈሱ፣ ውሃው እዚያው ነው። መጀመሪያ መንገዱ ይዘጋ። ወለሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ምን ነበር የሚታየው

ክረምት ሲገባ ቤቱ ይሸት ነበር። የአፈርና የአሮጌ ጨርቅ ዓይነት ሽታ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ወዲያው ይሰማዋል፤ የቤቱ ሰው ግን ለምዶታል። እቴቴ ጠዋትና ማታ ዕጣን ታጨሳለች። ሳጥን ውስጥ የነበረ የሐበሻ ቀሚሷ ለቡሄ ሲወጣ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበት ተገኘ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሻጋታ ይዟል። የመኝታ ቤቱ በር ከሐምሌ እስከ መስከረም አይዘጋም፣ እንጨቱ ያብጣል፤ ጥር ላይ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይዘጋል።

በግድግዳው የታችኛው ክፍል ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ዱቄት ይወጣ ነበር። ዱቄቱ ጨው ነው። ውሃ በግንቡ ውስጥ ወደ ላይ ሲሳብ በድንጋዩና በጭቃው ያለውን ጨው ያሟሟል፤ ፊት ላይ ወጥቶ ሲተን ጨዉን ጥሎት ይሄዳል። ይህን ካያችሁ ቀለም አትግዙ። ብራችሁን ነው የምትለጥፉት።

ከሁሉ የባሰው ወለሉ ነው። ሳሎኑ ውስጥ በኋላው በር በኩል ስትረግጡት ይለመጣል። እቴቴ ምንጣፍ አንጥፋበት፣ ሰው እንዳይረግጠው ወንበር አስቀምጣበታለች። አብሯት የሚኖረው የልጅ ልጇ ደግሞ አስም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ አውጥቷል። እርጥበት ያለበት ቤት ውስጥ መኖር ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ጋር እንደሚያያዝ እዚያ ላይ ተቀምጧል። ደግሞ ከወለሉ ሥር ያለው አየር እዚያው ታስሮ አይቀርም። የቤቱ ሞቅ ያለ አየር ወደ ላይ ወጥቶ በኮርኒስና በጣሪያ ክፍተት ሲያመልጥ፣ ምትኩ ከታች በጣውላው መጋጠሚያ በኩል ይሳባል። ሽታው ብቻ ሳይሆን ዓይን የማያየው የሻጋታው ብናኝም ልጁ ወደሚተኛበት ክፍል ይወጣል ማለት ነው። እኔን ያስቸኮለኝ ከጣውላው ይልቅ ይሄ ነው።

ቀደም ብሎ ያልተሞከረ ነገር የለም። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ቀለም ይቀባል። የውጭው ግድግዳ ከታች አንድ ሜትር ያህል በሲሚንቶ ተለስኗል፤ «ውሃ እንዳያስገባ» ተብሎ ነው። ቀዳዳዎቹ ብርድና አይጥ ያስገባሉ ተብለው አንዱ በጨርቅ፣ አንዱ በጭቃ፣ አንዱ በሲሚንቶ ተደፍነዋል። የተለመጠው ጣውላ ላይ ሌላ ጣውላ ተመቶበታል። አንድ ዘመድ ደግሞ ለምስጥ ያድናል ብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አፍስሶበታል። ዘይቱ እንጨቱን አላደረቀውም። ሽታውን ግን እስካሁን ትቶልናል፣ እሳት ቢነሳ ደግሞ ነዳጅ ነው የሚሆነው።

በመጨረሻ የመጣው ግንበኛ ዙሪያውን አየና፦ «እትዬ፣ ይሄን ጣውላ ይገላግሉት። ድንጋይ ሞልተን ሊሾ እናፍስስበት፣ ዕድሜ ልክዎን አይነካዎትም» አላት። እቴቴ ልትስማማ ምንም አልቀራትም ነበር። ደውላ ነገረችኝ።

ሊሾውን ለምን ተቃወምኩ

ሰውየው እጁ ጥሩ ነው፣ ሥራውን አይቻለሁ። ምክሩ ግን ለዚህ ቤት አይሆንም። ከቤቱ ሥር ያለው መሬት እርጥብ ነው። አሁን ያ እርጥበት ቢያንስ ወደ ባዶው ቦታ ይተናል፣ መንገድ ካገኘም በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ባዶውን በድንጋይ ሞልታችሁ በላዩ ሲሚንቶ ስታፈሱ ያ መንገድ ይዘጋል። ውሃው ግን አይጠፋም። ወደ ዳር ይሄዳል፣ ዳር ላይ የሚያገኘው ደግሞ ግድግዳውን ነው። የዚህ ቤት ግንብ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ከመሬት የሚሳብ ውሃን የሚያግድ ምንም ነገር መሠረቱ ላይ አልተደረገም። ስለዚህ ወለሉ የደረቀ ይመስላል፣ ግድግዳው ግን ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይጠጣል። ጉልበት ድረስ የነበረው የቀለም መላጥ ወገብ ድረስ ሲወጣ ያኔ ምን ይደረጋል? ጣውላው እንደሆነ ተነቅሏል።

እቴቴን እስከ በጋ እንድትታገስ ለመንኳት። «ልጄ፣ ክረምቱን በዚህ ወለል ላይ እንዴት እወጣዋለሁ?» አለችኝ። የሚለመጠውን ቦታ ከሥሩ በእንጨት ቋሚ ደግፈን አስተማማኝ አደረግነው። ከዚያ ወደ ምርመራው ገባን።

ዝናብ እየዘነበ ማየት

ምርመራውን ያደረግነው ሐምሌ ላይ ነው። በጎንደር ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በበጋ ብታዩ ሁሉም ደረቅ ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። ዝናቡ እየወረደ ጃንጥላ ይዞ ቤቱን መዞር ግን ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ያሳያል።

መጀመሪያ ጣሪያው። የኋላው አሸንዳ ዝጎ መሐል ላይ ተቀዷል። ያልተቀደደውም ቢሆን ውሃውን የሚያወርደው ቱቦ ከግንቡ ሥር ነው የሚያልቀው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ፤ እባካችሁ ለራሳችሁ ቤት ሥሩት። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ነው። የእቴቴ ጣሪያ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ የከሰዓት ዝናብ 1,400 ሊትር ውሃ ያወርዳል። ጣሪያው ወደ ሁለት ስለሚያዘነብል ግማሹ ወደ ኋላ ይሄዳል። 700 ሊትር ነው፤ ሦስት በርሜል ተኩል። ያ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ከግንቡ ሥር ይደፋል፣ በማግስቱም ይደገማል።

ሁለተኛ ግቢው። ጎንደር ተዳፋት ናት፤ እንደ ብዙው ቤት የዚህም ቤት ጀርባ ወደ ላይ ይወጣል። ባለፉት ዓመታት ጭቃ እንዳይሆን ተብሎ ግቢው በላይ በላይ ሲሚንቶ ተደርጎበታል። አንዱ ንጣፍ ሲሰነጠቅ ሌላ ይደረብበታል። በዚህ አካሄድ ግቢው ቀስ በቀስ ከፍ ብሎ የኋላዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ከመሬት እኩል ሆነዋል። ንጣፉም ወደ ቤቱ ነው የሚያዘነብለው። ዝናቡ ሲበረታ ውሃው በንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሲገባ በዓይናችን አየነው። አየር እንዲያወጡ የተሠሩት ቀዳዳዎች ጎርፍ ያስገባሉ። እቴቴ ራሷ ጃንጥላዋን ይዛ ቆማ አየችና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ የተደበቀ ነበር። ሰፈሩ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት። የቤቱ ቧንቧ ከወለሉ ሥር ነው የሚያልፈው። ቀን ገብታችሁ ብታዩት ደረቅ ብረት ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ውሃ የለም። ስለዚህ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ጠበቅን። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘጋን፣ ወደ ሮቶው የሚሄደውንም ዘጋን፣ ከዚያ ቆጣሪው ላይ ባትሪ አበራን። ትንሿ ጠቋሚ ቀስ እያለች ትዞራለች። ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪ ከዞረ ውሃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የሚያንጠባጥበው መጋጠሚያ ከወጥ ቤቱ ሥር ተገኘ። ሮቶውም ሲሞላ ተርፎ የሚፈሰው ያው ከግንቡ ሥር ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧችሁን ቀን ብቻ ፈትሻችሁ «ደህና ነው» አትበሉ።

ከወለሉ ሥር

ከበሩ አጠገብ ያለውን ጣውላ አንስተን ገባን። መግባት ለሚፈልግ ሰው የምለው አለ፦ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፣ ምክንያቱም አሮጌ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ያልፋል፤ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፤ ብቻችሁን አትግቡ፣ አንድ ሰው ላይ ሆኖ ይጠብቃችሁ።

ውስጡ ቆሻሻ ነበር። ጣሊያን ጊዜ የተረፈ የሚመስል የእንጨት ቁርጥራጭ፣ ካርቶን፣ ጨርቅ፣ አይጥ የጎተተው ነገር ሁሉ አለ። መሬቱ በኋላ በኩል ጥቁርና የሚያብረቀርቅ እርጥብ ነው፣ በፊት በኩል ግን ደረቅ ያለ ነው። በግንቡ ላይ ከመሬት ተነስቶ ወደ እንጨቱ የሚወጣ የምስጥ የጭቃ ቱቦ አገኘን። ምስጥ እርጥብ አፈርና እንጨት ይወዳል፤ እዚህ ሁለቱም ተዘጋጅተውለታል።

እንጨቱን በሁለት መንገድ ፈተሽነው። አንዱ ካቻቢቴ ነው። ጤነኛ እንጨት ሲወጋ ይገፋችኋል፣ የበሰበሰ ግን ያስገባዋል። የአግዳሚዎቹ መሐል ጠንካራ ነው፤ ጽድ ነው፣ ጽድ በተፈጥሮው ለመበስበስም ለምስጥም ቶሎ አይበገርም። ግንቡ ውስጥ የተቀበረው የኋላ ጫፋቸው ግን በሦስቱ ላይ ካቻቢቴውን እስከ እጀታው ዋጠው። ሁለተኛው ሁለት መርፌ ያለው የእንጨት እርጥበት መለኪያ ነው። በኋላ በኩል 29 እና 30 በመቶ አነበበ፣ በፊት በኩል 19። እንጨት አበስባሽ ፈንገስ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ በተግባር አያድግም፤ ወደ 30 ሲጠጋ ግን ይመቸዋል። አንድ ቤት ሆኖ፣ እንጨቱም አንድ ሆኖ፣ ልዩነቱን ያመጣው ውሃው የሚገባበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረን። የጎርፉና የቧንቧው ነገር ታውቋል፤ መሬቱ ራሱስ ምን ያህል ያተናል? ደረቅ በሚመስለው በፊት በኩል አንድ ካሬ ሜትር ላስቲክ መሬት ላይ አንጥፈን ዳር ዳሩን በአፈር ደፈንነው። በማግስቱ ስናየው የላስቲኩ የታችኛው ፊት ጠብታ ይዟል፣ የላዩ ግን ደረቅ ነው። ጠብታው ከታች ከሆነ እርጥበቱ ከመሬቱ እየተነነ ነው። ከላይ ቢሆን ኖሮ አየሩ ላይ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛ ነገር ላይ እየረጋ ነው ማለት ነበር። መፍትሔው የተለያየ ስለሆነ ይህ ፍተሻ ዋጋ አለው። የሚጠይቀው አንድ ቁራጭ ላስቲክ ነው።

ሥራው

ከመስቀል በኋላ ጀመርን። ከውጭ ነው የተነሳነው። እቴቴ ጣውላው መጀመሪያ እንዲሠራላት ፈልጋ ነበር፣ የምትረግጠው እሱን ነውና አልፈርድባትም። ግን አዲስ እንጨት እርጥብ ቦታ ላይ መግጠም እንጨቱን መግደል ነው።

አሸንዳው በሙሉ ተቀየረ። ቱቦው ወደ ታችኛው የግቢ ክፍል እንዲሄድ ተራዘመና ከመንገዱ ቦይ ጋር ተገናኘ። የሮቶው ትርፍ ውሃም እዚያው ገባ። ወጥ ቤቱ ሥር ያለው መጋጠሚያ ተቀየረ። የቧንቧ ሠራተኛው እንደ ጨረሰ ውሃ እስኪመጣ ጠብቀን ቆጣሪውን ድጋሚ አየነው፤ ጠቋሚዋ ቆመች።

ከዚያ ከባዱ ሥራ መጣ። የኋላው ንጣፍ ተፈነቀለ። ግቢው ከቀዳዳዎቹ በታች 20 ሳንቲ ሜትር እስኪወርድ ተቆፍሮ ተነሳ፤ የቀኖቹ ሁሉ ድካም እዚህ ላይ ነው ያለቀው። ከግንቡ እየራቀ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ ተደርጎ ተስተካከለ። በ3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከላይኛው ተዳፋት የሚመጣውን ውሃ ለመያዝ ከግንቡ ራቅ ብሎ ቦይ ተቆፈረ፤ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ተቀብሮበት በጠጠር ተሞላ፣ ወደ ጎን ዞሮ ወደ ታች ይወጣል። የሚያጋጥም ሰው ካለ፣ እንዲህ ያለውን ቦይ ከመሠረቱ ጥልቀት በታች ወይም ከግንቡ ጥግ አትቆፍሩ፤ አሮጌ የድንጋይ መሠረት ጎኑን ስትወስዱበት ሊከዳ ይችላል።

ሲሚንቶው ልስን ላይ ከግንበኛው ጋር ተከራክረናል። እሱ እንዲጠገን፣ እኔ እንዲነሳ። ሲሚንቶ ጥብቅ ነው፤ ከመሬት ወደ ግንቡ የተሳበው ውሃ ወደ ውጭ እንዳይተን ያግደዋል፣ ውሃውም መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥኛው ፊት ይዞራል። በኖራ የተሠራ ልስን ግን ያስተነፍሳል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ከእቴቴ በር ላይ ቆመን የፋሲል ግቢ ግንብ ይታየናል። እነዚያ ሕንፃዎች በኖራ ነው የተያያዙት፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሲሚንቶ የተደረገባቸው ጥገና ለድንጋዩ ሳይስማማ ቀርቶ በኋላ በኖራ እንዲስተካከል ተደርጓል። ይህን ስነግረው ግንበኛው «እሱንማ አባቴም ይለው ነበር» አለና መሮውን አነሳ። ልስኑ ሲፈነቀል ከጀርባው ያለው ጭቃ እንደ ተቦካ ነበር። እስከ ጥር ድረስ ክፍት አድርገን ለፀሐይ ተውነው፣ ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ተለሰነ።

ቀዳዳዎቹ ስምንት ናቸው። ሁሉም ተከፈቱ። እያንዳንዱ 15 በ25 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በጠቅላላው 0.3 ካሬ ሜትር መክፈቻ ይሆናል። የቤቱ ወለል 54 ካሬ ሜትር ነው። አሜሪካኖች ለእንዲህ ያለ ቤት በሚጠቀሙበት የቆየ መለኪያ ለ150 ካሬ ሜትር ወለል 1 ካሬ ሜትር መክፈቻ ይፈለጋል፤ ለ54ቱ 0.36 ይሆናል። ጣሊያኖቹ የሠሩት ለዚያ ተቀራራቢ ነው። መሬቱ በላስቲክ ከተሸፈነ ደግሞ ያው መለኪያ መክፈቻውን በአሥር እጅ እንዲያንስ ይፈቅዳል። ስለዚህ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት አድርገንባቸው ጥቂት ቢጠቡም አላሳሰበንም። አይጥ አይገባም፣ አየር ይገባል። እቴቴ ብርዱን ፈርታ ነበር። ብርድ የሚያስገባው የጣውላው መጋጠሚያ ነውና እሱን ከላይ ደፈንንላት።

ስለ ቀዳዳ ሳነሳ አንድ ነገር። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው የውጭ ቪዲዮዎች ቀዳዳዎቹን በሙሉ ዝጉ፣ ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልሉ፣ እርጥበት የሚመጥ የኤሌክትሪክ ማሽን አስገቡ ይላሉ። ለእነሱ አገር ልክ ነው። በጋቸው ሞቃትም እርጥብም ነው፤ ያ አየር ቀዝቃዛ ወደሆነው የቤት ሥር ሲገባ ውሃ ይሆናል። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ዝናብ የሚጥልበት ወቅት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ከቤቱ ሥር ያለው መሬት ከዚያ አየር ብዙም አይቀዘቅዝም። በላስቲኩ የላይ ፊት ላይ ጠብታ ያላየነውም ለዚህ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደግሞ ደረቅ ነፋስ በነፃ ይነፍሳል። መብራት በሄደ ቁጥር የሚቆም ማሽን ላይ የቤቱን ዕጣ የምንጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

ውስጡ ከተጠረገ በኋላ እስከ የካቲት ድረስ እንዲደርቅ ተውነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ጥምቀት መሐል ገባ፣ እቴቴ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም እንግዶች ነበሯት፤ የተከፈተውን ወለል በወፍራም ሳንቃ ሸፍነን ምንጣፍ አነጠፍንበት፣ በዓሉም በሰላም አለፈ። የካቲት ላይ መለኪያው በኋላ በኩል 15 አነበበ። ያኔ አናጢው ገባ። የሦስቱ አግዳሚዎች የበሰበሰ ጫፍ ተቆርጦ ወጣ፤ ከጤነኛው ክፍል ጎን ለጎን አዲስ የደረቀ ጽድ በብሎን ታሰረ። አዲሱ ጫፍ ድንጋዩ ላይ በቀጥታ አላረፈም፤ ከሥሩ ሬንጅ የተነከረ ንጣፍ ተደረገበት፣ በዙሪያውም አየር እንዲያገኘው ክፍተት ተተወለት። ርካሽ ነው ተብሎ እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዲገጠም ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስጥም ይወደዋል። እምቢ አልን።

መጨረሻ ላይ ላስቲኩ። 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ ከ0.15 በታች የሆነው ቶሎ ይቀደዳል። መገናኛው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር እንዲደራረብ ሆኖ፣ ዳሩ ግንቡን ተከትሎ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በድንጋይ ተጭኖ ተነጠፈ። ከግንቡ ጋር አላጣበቅነውም። የምስጡን የጭቃ ቱቦዎች አፍርሰን ቦታቸውን ምልክት አደረግንባቸው፤ እንደገና ከተሠሩ ምስጡ አልሄደም ማለት ነው። ለምስጥ የሚረጭ መድኃኒት ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይንካው፣ በተለይ ሰው ከላይ በሚተኛበት ቤት። በበሩ አጠገብ ደግሞ እንደ ክዳን የሚነሳ ጣውላ ተሠራ፤ ማንም ሰው በፈለገው ጊዜ ገብቶ እንዲያይ።

ቤቱ የግል ስለሆነ ይህን ሁሉ ያለ ብዙ ጣጣ ሠርተናል። እናንተ ያላችሁበት የቀበሌ ቤት ከሆነ ግንቡንና ቀዳዳውን ከመንካታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። አሸንዳውን ማጽዳት፣ ከግንቡ ሥር ያለውን ቦይ መጥረግ፣ የተወተፈውን ጨርቅ ማውጣት ግን ነገ ጠዋት ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ከክረምቱ በኋላ

በቀጣዩ ነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ ክዳኑን አንስተን ገባን። ላስቲኩ ላይ የቆመ ውሃ የለም። የኋላዎቹ አግዳሚዎች 16 እና 17 በመቶ አነበቡ፤ አምና በዚያው ወቅት 29 እና 30 ነበሩ። የፊቱ 14። የምስጥ ቱቦ አልታደሰም። ሽታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ያ የሞተር ዘይት አሁንም በፀሐይ ቀን ይሰማል፤ የሻጋታው ግን የለም። የመኝታ ቤቱ በር ክረምቱን ሙሉ ተዘጋ። እቴቴ ቁም ሳጥኗን ከግድግዳው አንድ እጅ ያህል አራቀችው፣ አየር እንዲያልፍ። ልጁ ሳሉ እንደቀነሰ እናቱ ትናገራለች። ሐኪም ስላልሆንኩ ከቤቱ ጋር አላያይዘውም፤ ደስ ግን ብሎኛል።

ወጪውን ስናሰላው ግንበኛው ለድንጋይ ሙሌትና ለሊሾ ከጠየቀው አነሰ። አብዛኛው የሄደው ለአሸንዳውና ለቁፋሮው ጉልበት ነው፣ ለእንጨቱ ከታሰበው በጣም ያነሰ ወጣ።

አንድ ጥግ ቀርቷል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ማዕዘን አሁንም 21 በመቶ ያነባል። እዚያ ላይ ግንቡ ከጎረቤት አጥር ጋር ተያይዟል፣ የእነሱ ግቢ ደግሞ ከኛ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የእነሱ የልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚፈሰው በዚያ በኩል ነው። እቴቴ ቡና አፍልታ ባለቤቶቹን ጠርታቸዋለች። ከመስቀል በኋላ ውሃቸው በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ እንዲወርድ ተስማምተዋል፤ ቱቦውን እኛ እንገዛለን፣ ቁፋሮውን የእነሱ ልጆች ይሠራሉ። ያ እስኪሆን በማዕዘኑ ያለው እንጨት በየወሩ በመለኪያ ይታያል፣ ላስቲኩም በዚያ በኩል ግንቡ እንዲደርቅ ትንሽ ወደ ኋላ ተስቦለታል።